አልትራሳውንዱ ደህና ከሆነ ናሙናው ለምን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 36 ነው። እናቴ በአንጀት ካንሰር አርፋለች፤ አክስቴም የማህፀን ካንሰር ነበረባት። በቅርቡ በዘረመል ምርመራ፣ ኤምኤስኤች2 በተባለው ዘረመል ጉድለት የተነሣ፣ ሊንች ሲንድሮም (በዘር የሚተላለፍ፣ ለአንጀት፣ ለማህፀንና ለሌሎችም ካንሰሮች የሚያጋልጥ ችግር) እንዳለብኝ ተነገረኝ። አልትራሳውንዱም የማህፀን በር ምርመራውም ደህና ነው ተብሎ ሳለ፣ ሐኪሜ በየዓመቱ ከማህፀኔ ናሙና ይወሰድ ይላሉ። ግድ ነው? አንድ ልጅ አለኝ፤ መድገም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሊንች ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንጀትን ብቻ ነው። ይሁንና በ1895 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን የተባለውን የፓቶሎጂ ባለሙያ ወደዚህ ሕመም የመራችው፣ ቤተሰቧ በካንሰር እንዳለቀና የእርሷም ዕጣ ያው እንደሚሆን የነገረችው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የሞተችውም በማህፀን ካንሰር ነው። በእርስዎ ዓይነት የዘረመል ጉድለት በማህፀን ካንሰር የመያዝ የዕድሜ ልክ ሥጋቱ ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል፤ በሌሎች ሴቶች 3 በመቶ ገደማ ነው።

የማህፀን በር ምርመራ ሴሎችን የሚወስደው ከበሩ ላይ ስለሆነ ስለ ውስጠኛው ሽፋን አያረጋግጥም። አልትራሳውንድ ደግሞ የሽፋኑን ውፍረት ይለካል እንጂ፣ የወር አበባ በምታይ ሴት ሽፋኑ በየወሩ ስለሚወፍርና ስለሚሳሳ፣ ልኬቱ ብዙም አይናገርም። ናሙናው የሚወሰደው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ከዚያ ብሶ፣ ለአጭር ጊዜ ያማል። አስቀድመው ማስታገሻ ስለ መውሰድ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ልጅ የሚፈልጉ እንደመሆንዎ እርግዝና አለመኖሩም መጣራት አለበት።

ግድ ነው ወይ ላሉት ግን፣ ናሙናው የሚመከር እንጂ ግዴታ አይደለም። ከ30 እስከ 35 ዓመት ጀምሮ በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ይደረግ ቢባልም፣ እንደ አንጀት ምርመራው ሞትን እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር። ካንሰሩን አስቀድሞ በመከላከል ረገድ አስተማማኙ መንገድ ወልደው ሲጨርሱ፣ 40 ዓመት አካባቢ፣ ማህፀንን ከእንቁላል ማምረቻዎቹ ጋር በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ነው፤ ይህ የወር አበባን ያለጊዜው ስለሚያቋርጥ ስለ ሆርሞን ሕክምናም አብረው ይወያዩ። ሁለተኛውን ልጅ ባያዘገዩት እመርጣለሁ።

እስከዚያው ከወር አበባ ውጭ ደም ካዩ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ያለፈው ናሙና ደህና ነበር ብለው ቀጣዩን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ይደውሉ።