ወፍ ባለበት ቤት ፍሊት አይነፋም

እህቴ፣ በቀቀኖችሽ ባሉበት ክፍል ለፍራፍሬ ዝንብ ፍሊት መንፋት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አይቻልም፤ ሌላ ክፍል ውስጥም ቢሆን አልመክርም። የወፍ ሳንባ ከአየር ከረጢቶች ጋር ተያይዞ ስለሚሠራ መርዙን ከእኛ ሳንባ ፈጥኖ ይስባል። የሚያጣብቅ የዝንብ ወረቀትም ላባ ከያዘ መከራ ነው።

ለወጥመድ፣ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የፖም አቼቶ ቀድተሽ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪ። ያለ ሳሙና ዝንቡ ላዩ ላይ ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። አፉን በፕላስቲክ ሸፍነሽ በስቴኪኒ ብሺው። ወፎቹን ስትለቂ አንሺው።

ወጥመድ ግን የሚበረውን ብቻ ነው የሚይዝ። እንቁላሉ ያለው ከኬጁ ሥር በወደቀው ማንጎና ፓፓያ ላይ ነው። የተረፈውን ፍሬ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዪ፤ የትሪውን ወረቀት ማታ ማታ ቀይረሽ ቆሻሻውን ከቤት አውጪ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላው የዝንቡ መራቢያ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ነው፤ የፈላ ውሃ ብቻውን ዝቃጩን አያስለቅቅም፣ መጀመሪያ በብሩሽ ይፈተግ። በሞቃት ቤት ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ የጠፉ ቢመስልሽም ሁለት ሳምንት ቀጥዪ።