ከአዲስ አበባ የተባረረው መርማሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ፦ ጥያቄና መልስ

ከፖሊስ ሥራው በውርደት የተባረረ መርማሪ አሜሪካ ገብቶ ከዜሮ ሲጀምር ግድያ ያጋጥመዋል። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ እየጻፋችሁ ያላችሁ ጥያቄ ልካችኋል። የወንጀል ልብ ወለድ ረቂቅ ማረም የምወደው ሥራዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የተባረረበት ጥፋት ምን ይሁን? ጉቦ ይበቃል?

ጉቦ ይቻላል፤ ግን አንባቢ ቶሎ ይረሳዋል። እኔ ብሆን በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል እመርጣለሁ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ተጽፏል። የእናንተ ሰውዬ ይህን በቃሉ ይወጣዋል። አለቃው ግን "መዝገቡን ቶሎ ዝጋልኝ" ብሎታል። ሌሊት ተጠርጣሪውን እንቅልፍ ነስቶ ያስፈርመዋል። ሰውየው ዓመታት ከታሰረ በኋላ እውነተኛው ገዳይ ይገኛል።

አደራችሁን፣ እዚህ ላይ "ለካ በሐሰት ተወንጅሎ ነው" ብላችሁ አታድኑት። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ንጹሕ ከሆነ አገር መቀየሩ የቦታ ለውጥ ብቻ ይሆናል። በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነ ግን፣ አንድ ሰው "እኔ አይደለሁም" ባለው ቁጥር ማመን አለማመኑ ራሱ ትልቅ ፈተና ነው። ይኼ ፈተና ከገዳዩ ማንነት እኩል አንባቢውን ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ እዚያ ደርሶ የግል መርማሪ ቢሮ ቢከፍትስ?

እንደ ሱቅ አይከፈትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ለግል መርማሪ ድርጅት ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ ፖሊስ ነው። "ፖሊስ ነኝ" ብሎ ሰው ቢጠይቅ ደግሞ ራሱ ይከሰሳል።

ፓርኪንግ አስገቡት። ከአጠገቧ ባለችው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ስንቱ ሐበሻ ያለፈበት ሥራ ነው። ለመርማሪ ዓይንም ይመቻል። ምድር ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል፣ የሚያስነጥስ የጭስ ሽታ፣ የመግቢያ ሰዓት የታተመበት ትኬት። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚገባ መኪና አንድ ቀን ሌሊት ዘጠኝ ላይ ቢገባ ከሱ በቀር ማን ልብ ይላል?

ደግሞም ድሮ ፍርድ ቤት ቀርቦ "የ14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ይሰጠኝ" ይል የነበረ ሰው ነው። አሁን ያለው ጉልበት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ ነው። ማንም ሊመልስለት አይገደድም። በኔ እምነት የታሪኩ ሞተር ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ገጸ ባሕርይ ጥገኝነት ጠያቂ ነው። ያለፈውን መደበቁ ያሳምናል?

በደንብ! የአሜሪካ ሕግ ሌሎችን በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸው ወይም በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት በማሳደድ ለተሳተፈ ሰው ጥገኝነት ይከለክላል። ያስፈረመው ተጠርጣሪ በፖለቲካ ሰበብ የተያዘ ቢሆን፣ ምስጢሩ ከሐፍረት አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። ገዳዩ ይህን ቢያውቅ በምን እንደሚያስፈራራው አስቢው።

ጥያቄ፦ ግድያውን የሚይዘው "የሲልቨር ስፕሪንግ ፖሊስ" ነው አይደል?

አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ማዘጋጃ ቤትም ፖሊስም የላትም። የሚመጣው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ነው፤ አስከሬኑም ለምርመራ ባልቲሞር ይሄዳል። ድንበር የሆነውን መንገድ፣ ኢስተርን አቬኑን፣ ተሻግሮ ከተገኘ ግን ዲሲ ነው። የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ይይዘዋል፣ የሚከሰውም የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። አንድ አስፋልት መሻገር መርማሪውንም ከሳሹንም ይቀይራል። ገዳይህ ሬሳውን ያሻገረው ለዚህ ከሆነ ግሩም ሴራ ይወጣሃል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፖሊስ ያላየውን እሱ እንዴት ያያል? ሊቅ እንዳይመስል ፈርቻለሁ።

ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሐበሻ መሆኑ ይበቃል። የኛ ሰው የአባቱን ስም ነው የሚያስከትለው። አሜሪካ ውስጥ ግን ያ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ። ለምሳሌ ሟቹና ቤቱን የተከራየው ሰው አባትና ልጅ ቢሆኑ የፖሊስ መዝገብ ላያያይዛቸው ይችላል።

ችግሩ አንባቢሽም ሐበሻ ነው፤ ወዲያው ይነቃብሻል። ተከራዩን በቅጽል ስሙ ብቻ ጥሪው። ሙሉ ስሙን መጀመሪያ አካባቢ አንዴ፣ ፖስታ ላይ፣ ከሌሎች ስሞች መሐል አሳይተሽ እለፊ። ጨርሶ መደበቅ ግን ማጭበርበር ነው።

ጥያቄ፦ አስከሬኑ ስለደረቀ የሞተበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ይቻላል?

በግምት ብቻ። ከሞት በኋላ የሚመጣው የሰውነት መድረቅ (መገተር) በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመንጋጋና ከአንገት ይጀምራል፣ በ12 ሰዓታት ገደማ ውስጥ መላ አካልን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል። ብርድ ያዘገየዋል። በጥር ክፍት ፓርኪንግ ውስጥ የተኛ ሬሳ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።

ጥያቄ፦ ገዳዩ መቼ ይታይ?

በመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ይግባ። እንግሊዛዊው የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ ካወጣቸው አሥር ሕጎች የመጀመሪያው ወንጀለኛው ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ይጠቀስ ይላል። ሦስት ምዕራፍ ስትጨርሱ ለሁለት ሦስት ጓደኞቻችሁ አስነብቡና "ማንን ጠረጠራችሁ?" በሏቸው። ሁሉም ገዳዩን ከጠሩ ፍንጩን ቀንሱ። ማንም ስሙን እንኳ ካላስታወሰ አንድ ትዕይንት ጨምሩለት።