ላስቲኩን አንሺው፤ ፍልጥ መተንፈስ አለበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የተቆረጠ ግንድ አስመጥታችኋል። በዚህ ብርድ ከባለቤትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ፈልጣችሁ ግቢ ውስጥ ልትደረድሩት ነው። እርጥበት እንዳይነካው ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልለሽ ስንት ሳምንት ብታቆዪው እንደሚደርቅ ነው የጠየቅሽው። ብዙ ሰው "አዎ፣ ጥሩ አድርገሽ ሸፍኚው" ይልሻል። እኔ ግን እንዳትጠቀልዪው ልለምንሽ ነው። ልክ አንቺ ያሰብሽውን አድርጌ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት በጭስ ታጥኛለሁ፤ መጨረሻ ላይ ቤቴ ከመቃጠል የተረፈው ለጥቂት ነው።

የመጥረቢያ አያያዝ ምናምን የሚለውን እዘለዋለሁ። በገንዘቤም በእንቅልፌም የከፈልኩበትን ልንገርሽ።

1. ሳምንት የሚባለውን ነገር እርሺው። አሁን የምትፈልጡት እንጨት ለዘንድሮ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ብርድ ነው። እርጥብ ግንድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለምድጃ ደርሷል የሚባለው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ጥድና እንደ ጥድ ያለ ለስላሳ እንጨት ተፈልጦ ንፋስ ካገኘ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጅበታል። ጠንካራው እንጨት ደግሞ 1 ዓመት፣ አንዳንዱም 2 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ በብርዱ መፍለጣችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ ሙሉውን የፀሐይና የንፋስ ወራት ያገኛል።

2. "ተቆርጦ ቆይቷል" የሚለውን ቃል አትመኚ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ሻጩ "ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬ ብታነደው ይነዳል" አለኝ። ምናልባት አልዋሸም ይሆናል። ግን ግንዱ እንዳለ ነበር የቆየው፣ አልተፈለጠም። ቅርፊት ማለት ዛፉ ውሃውን እንዳያጣ የሚጠብቅለት ቆዳ ነው። ግንድ ካልተፈለጠ ውሃው መውጫው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጫፉ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ሲታይ መሀሉ ገና እርጥብ ነው። ይሄንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስልክ ደውዬ "ወንድሜ፣ ይሄ እንጨት እርጥብ ነው" ስለው "እንጨት አንድደህ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለተኛ ስደውል አላነሳም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ብሩ ብቻ አይደለም፤ የማያውቅ ሰው እየጠየቀህ እንደዛ መመለስ ምን ይባላል?

የመኪናውንም ነገር ልብ በዪ። ፍልጥ መኪና ላይ ተወርውሮ ሲመጣ ተራራ ይመስላል። በመሀሉ ግን ብዙ አየር አለ። እንዲሁ የተጣለ 1 ሜትር ኩብ ፍልጥ በሥርዓት ሲደረደር 0.6 ወይም 0.7 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው የሚሆነው። ስትገዢ የተደረደረውን ነው ወይስ የተጫነውን የሚሸጥልሽ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔ አልጠየቅኩም።

3. አሁን ወደ ላስቲኩ። ያኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ፈልጠን ደረደርን። ክምሩ በጣም ያምር ነበር። እኔ ደግሞ ከላይ እስከ መሬት በወፍራም ላስቲክ ጠቀለልኩት። በገመድ አሰርኩት፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። አንዲት ጠብታ አትገባም ብዬ ኮራሁ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ከላስቲኩ ሥር ሁለት ፍልጥ መዘዘችና እርስ በርስ አጋጨቻቸው። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጡ። "ይሄ እኮ ገና ውሃ ነው ልጄ፣ ክፈተውና ንፋስ ይግባው" አለችኝ። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ቋ ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ግን ድምፁ ይታፈናል። ዕድሜዋን በሙሉ እሳት ስታነድ የኖረች ሴት ናት። እኔ ግን "ተይው እማ፣ ዝናብ ይገባበታል" ብዬ ዝም አሰኘኋት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሁለት ወር ቆይቼ ከፈትኩት። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል እንደ ድስት ክዳን ውሃ አንጠልጥሏል። ከእንጨቱ የወጣው እርጥበት መሄጃ አጥቶ ተመልሶ እዚያው ላይ ነው የሚወርደው። ፍልጡ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል፣ ታችኛው ረድፍ መበስበስ ጀምሯል። ከውጭ ዝናብ ከለከልኩና ከውስጥ አዘነብኩበት ማለት ነው።

ሌላ እንጨት መግዣ ስላልነበረን ያንኑ አነደድነው። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ሲባል ሰምቼ ግማሽ በግማሽ ብቀላቅለው ይሆናል ብዬ ነበር። ለምድጃ አይሠራም እህቴ። እርጥቡ የደረቁን ሙቀት ይበላዋል። የፍልጡ ጫፍ ላይ አረፋ ይወጣል፣ ሲስ ሲስ ይላል፣ የምድጃው መስታወት በአንድ ምሽት ይጠቁራል። እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን አፍልቶ ማትነን አለበት። ለቤትሽ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ታናሿ ልጄ ወቅቱን በሙሉ ስታስል ከረመች። እኔ ደግሞ እንጨቱ እስከ ጠዋት እንዲቆይልኝ ማታ ማታ የአየር ማስገቢያውን እዘጋው ነበር፤ ይሄ ነገሩን አባሰው።

እርጥብ እንጨት በትንሽ አየር ሲጨስ ጭሱ ቀዝቃዛና ወፍራም ይሆናል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይለጥፋል። ክሪዮሶት ይሉታል። ራሱ ነዳጅ ነው። አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከጭስ ማውጫው እንደ ባቡር ያለ ጉርምርምታ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ከጣሪያው በላይ የእሳት ፍንጣሪ እየዘነበ ነው። እንዲህ ያለ እሳት ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ባለቤቴ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አወጣች፣ እኔ የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያ ዘግቼ ወጣሁ፣ እሳት አደጋ ጠራን። ውሃ አልደፋሁበትም፤ ጎረቤቴ ባልዲ ይዞ ሲሮጥ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የጋለ ጭስ ማውጫ ውስጥ ውሃ ከገባ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ጭስ ማውጫው ግን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ነበረብኝ። ለሱ ባወጣሁት ገንዘብ የስንት ዓመት ደረቅ እንጨት ይገዛ ነበር! ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ሳላስጠርግና ሳላስፈትሽ እሳት አልለኩስም።

ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ይቅርታ። እንግዲህ አሁን እንዴት እንደምናደርግ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አሁን ተሳክቶልናል። ዘንድሮ የምናነደውን ፍልጥ በእርጥበት መለኪያ ስለካው 16 በመቶ ነው ያለኝ።

መጀመሪያ ርዝመቱን ለምድጃሽ በሚሆን ልክ አስቆርጪው። የእኛ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ውሃ ከጎን ይልቅ በጫፍ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል፣ ስለዚህ አጭር ፍልጥ ቶሎ ይደርቃል። ውፍረቱንም ከክንድ ብዙ አታብልጡት። ቅርንጫፍ የወጣበትን ጉማጅ ለመጨረሻ አቆዩት፤ ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው እሱ ነው። ትልቅ ጉማጅ ሲሆን መሀሉን አትምቱ፣ ከዳር ከዳሩ እየላጣችሁ ግቡ። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን ተከተሉት። ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ፍለጡት፣ ከደረቀ በኋላ እንደ ብረት ነው። ውርጭ ባለበት ጠዋት መፍለጥ ይቀላል፤ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለሚጠነክር እንጨቱ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለታም ቀጭን መጥረቢያ ግንድ ውስጥ ይቀረቀራል። ጀርባው ወፍራምና ከበድ ያለ መፍለጫ ይሻላል። አልሰነጠቅ ላለው ሽብልቅ ተጠቀሙ እንጂ የመጥረቢያውን ጀርባ በመዶሻ አትምቱ፤ የብረት ስባሪ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ለፈላጩ ግዴታ ነው።

አንድ ነገር አምናችሁ አድርጉልኝ። መፍለጫው ጉቶ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ አስቀምጡና ጉማጁን ጎማው ውስጥ አቁማችሁ ምቱት። ፍልጡ አይፈናጠርም፣ ወገብን ጎንበስ ቀና ከማለት ያሳርፋል። ልጆች ባሉበት ግቢ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። እንዲያም ሆኖ እኛ ቤት መጥረቢያ ከተነሳ ልጅ ከ5 ሜትር በላይ ይርቃል። መጥረቢያው መሬት ሳይቀመጥ ማንም አይጠጋም።

አደራደሩ ላይ ደግሞ ክምሩ መሬት አይንካ። ርብራብ ሥሩለት፣ 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ከቤቱ ግድግዳ አርቁት፤ ምስጥና ነፍሳት ይዞ ይመጣል፣ እሳትም ከተነሳ ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ንፋስ የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ። አንድ ረድፍ ብቻ፣ ሁለተኛው ረድፍ ካስፈለገ መሀላቸው ክፍተት ይኑር። ሁለቱ ዳሮች ላይ ፍልጡን አንዱን ንብርብር አግድም አንዱን በቁመት እያነባበራችሁ ምሰሶ ሥሩ፣ ክምሩን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ከፍታው ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ ልጅ ሊወጣበት ይሞክራል፣ መሞከሩ አይቀርም። ከላይ ብቻ ቆርቆሮ ወይም ሸራ አልብሱት። ጎኖቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁኑ። ዝናብ በጎን ቢረጨው አትደንግጪ፣ የላይ ላዩ እርጥበት ንፋስ ሲያገኝ በቀናት ውስጥ ይሄዳል። የሚያበሰብሰው ታፍኖ የቀረው ነው።

ለዘንድሮ ብርድ ምን እናንድድ ትይኝ ይሆናል። ትንሽም ቢሆን በእውነት የደረቀ ግዢ። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ፍልጥ ለሁለት አስሰንጥቀሽ አዲስ በተከፈተው ፊት ላይ በእርጥበት መለኪያ ለኪ። ውጭውን መለካት ዋጋ የለውም፣ ሁልጊዜ ደረቅ ነው የሚለው። መለኪያዋ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ውድም አይደለችም። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ጋ ሂጂ። እርጥቡን ምድጃው ላይ ደግፈሽ ላድርቀው እንዳትዪ፣ ይያያዛል። ቀለም የተቀባ ወይም በመድኃኒት የተነከረ የሕንፃ እንጨትም አታስገቢ፣ ጭሱ መርዝ ነው። አመዱን ደግሞ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውጭ አስቀምጪው፤ ፍም አመድ ውስጥ ተደብቆ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ልጆቹ ምን ይሥሩ ላልሽው፣ የእኔዎቹን ልንገርሽ። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ በጋሪ እያመላለሰ ይደረድራል፣ ምሰሶውን የሚሠራው እሱ ነው፣ ከኔ ይበልጣል። ታናሿ 6 ዓመቷ ነው። ጭራሮና ስንጥር እየለቀመች ቅርጫት ትሞላለች፣ ጓንቷን ሳታደርግ ግን ክምር አትነካም። እናቴ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍልጥ እያጋጨች ታስተምራቸዋለች፣ አሁን ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው እርጥቡን ከደረቁ ይለያሉ። ክምሩ ሲያልቅ ትንሿ የዳሩ ፍልጥ ላይ ወሩንና ዓመቱን በጠመኔ ትጽፋለች። የቱ ክምር ቀድሞ እንደሚነሳ በዚያ ነው የምናውቀው። ጽሑፉ በዝናብ ሲለቅ ደግማ ትጽፈዋለች።

ስትለኪ ስንት እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ላስቲኩን ከጠቀለልሽው ግን ነገ ጠዋት አንሺው፣ አታሳድሪው።