ስፐርሙ እየዋኘ እንቁላሉ ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የአይጥ እንቁላልና ስፐርም ላብራቶሪ ውስጥ አገናኛለሁ። ስፐርሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደህና ይንቀሳቀሳል። በማግስቱ ግን ለሁለት የተከፈለ እንቁላል ከአሥር አንድ ባገኝ ነው። ጥፋቱ የወንዱ አይጥ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ እህቴ፣ እስኪ «ይንቀሳቀሳል» ካልሽው እንጀምር። ባለበት የሚርገበገብ አለ፣ ወደፊት የሚቀዝፍ አለ። የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው። እሱም ቢሆን ከኤፒዲዲሚስ (ከቆለጥ ጋር የተያያዘው የስፐርም ማከማቻ ቱቦ) እንደወጣ እንቁላል ውስጥ አይገባም። ኦስቲንና ቻንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1951 እ.ኤ.አ. ለየብቻቸው እንደደረሱበት፣ መጀመሪያ የሚዘጋጅበት ጊዜ ይፈልጋል። ለአይጥ የተለመደው በ37 ዲግሪ ሚዲየም (ስፐርሙና እንቁላሉ የሚቆዩበት ፈሳሽ) ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሲደርስ ጭራውን እንደ ቡሄ ጅራፍ ያወናጭፋል። ያን ሳታዪ አትቸኩይ።

አያያዝሽንም ፈትሺ። የአይጥ ስፐርም ጭንቅላቱ መንጠቆ የመሰለ፣ በጣም ስስ ነገር ነው። ጠባብ ጫፍ ባለው ፒፔት (ፈሳሽ መሳቢያ) ደጋግመሽ አትሳቢው፤ የፒፔቱን ጫፍ በንጹሕ መቀስ ቁረጪው። ስትወስጂ ደግሞ ከጠብታው ዳር ውሰጂ፤ ጎበዞቹ ወደዚያ ይወጣሉ፣ የሞተው መሐል ይቀራል። ወንዱ ሲ57 ብላክ 6 የሚባለው የላብራቶሪ አይጥ ዘር ከሆነና ስፐርሙ በረዶ ሆኖ የቆየ ከሆነ ግን ቀድሞም ደካማ ነው፣ ሜቲል ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን የሚባል ኬሚካል ያለበት ሚዲየም ያግዘዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከተማችን ራሷ ናት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ኢንኩቤተሩ (ሙቀቱንና ጋዙን የሚጠብቀው ሣጥን) ላይ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚል ቁጥር ብታዪም ሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ባሕር ዳርቻ ካለ ላብራቶሪ ያንሳል፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ይላል። ከውጭ የመጣ ፕሮቶኮል ይህን አይነግርሽም፤ እኔም ብዙ እንቁላል ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ። በሂሳብ ስናሰላው የባሕር ዳርቻውን 5 በመቶ የሚተካከለው እዚህ 6.5 በመቶ አካባቢ ነው። ብቻ በግምት አትጨምሪ። ሚዲየሙን በዘይት ሸፍነሽ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሪውና ጠዋት ፒኤቹን ለኪ፤ 7.2 እና 7.4 መካከል እስኪገባልሽ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ አስተካክይ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከነበረ የዚያን ቀን ሥራ ተዪው።

የወንዱ ነው የእኔ ላልሽው፣ የአንድ ቀን እንቁላል ለሁለት ክፈይ። ግማሹን ለዚህ ወንድ፣ ግማሹን በቅርቡ ግልገል ላስወለደና ጥቂት ቀን ላረፈ ሌላ ወንድ ስጪ። የሁለተኛው ከተሳካ ችግሩ ወንዱ ጋ ነው። ሁለቱም እንቢ ካሉሽ ሚዲየሙንና ኢንኩቤተሩን ያዢ።