የፈረንጆቹ ዋሻ ገብቼ ጸለይሁ፤ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ከረሙ? የምኖረው አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባ አለችኝ፤ ካቶሊክ ናት። አንድ ቀን ከሌሊት ፈረቃ ስንወጣ «ነይ አንድ ቦታ ላሳይሽ» ብላ ግሮቶ የሚባል ቦታ ወሰደችኝ። ጫካ ውስጥ ትልቅ ዋሻ አለ። በውስጡ እመቤታችን ልጇን ከመስቀል ከወረደ በኋላ ታቅፋ የሚያሳይ ነጭ ሐውልት ቆሟል። ሳየው እንባዬ መጣ። ተንበርክኬ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ደገምሁ፤ ሻማም አበራሁ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። እዚያ ስሆን ውስጤ ያርፋል። ቤተ ክርስቲያናችን በሁለት ባስ ነው የሚደረሰው። እውነቱን ለመናገር ከመስቀል በዓል ወዲህ አልሄድሁም። ለአንዲት ጓደኛዬ ብነግራት «ለሐውልት ሰገድሽ! ቶሎ ንስሐ ግቢ» ብላ አስደነገጠችኝ። ባልደረባዬ የሰጠችኝ መቁጠሪያም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ምን ላድርግ? እናቴም በግንቦት ከጎንደር ትመጣለች፤ ልወስዳት እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳነበብሁት በኋላ እነግርሻለሁ።

ቦታውን አውቀዋለሁ። ለጉባኤ ፖርትላንድ መጥቼ ስመለስ፣ ያሳደረኝ ወንድም «መምህር፣ በረራው ገና ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ አንድ የሚታይ ነገር አለ» ብሎ ወሰደኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ ትንሽ አመነታሁ። ሰው ቢያየኝስ? አንቺ በጓደኛሽ አፍ የሰማሽውን እኔ በራሴ ጆሮ ውስጥ ሰማሁት ማለት ነው። ከዚያ ገባሁ።

ያየሽው ሐውልት ማይክል አንጀሎ በሮም የሠራው የታወቀ ሥራ ቅጂ ነው። ዋሻው የተፈለፈለው ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ሥር ነው። በዙሪያው ያ ሁሉ ጥድ አለ። ጠቅላላ ይዞታው 25 ሄክታር ገደማ ይሆናል። የተመሠረተበት ታሪክ ግን ከሐውልቱ ይልቅ የኛን ሰው ልብ የሚነካ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ታሪኩ የስለት ታሪክ ነው። አምብሮዝ ሜየር የተባሉት ካህን ካናዳ ያደጉ ናቸው። ልጅ ሳሉ እናታቸው ወልዳ ልትሞት ሆነች። ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ «እናቴንና እኅቴን አትርፍልኝ፤ ሳድግ ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሥራ እሠራለሁ» ብሎ ተሳለ። ሁለቱም ተረፉ። ከብዙ ዘመን በኋላ እኒያ ካህን ፖርትላንድ መጥተው ይህን መሬት ከባቡር ኩባንያ በ48 ሺህ ዶላር ገዙት። እጃቸው ላይ የነበረው 3 ሺህ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዋሻው ተመርቆ ቅዳሴ ተቀደሰበት። ቁልቢ ስለት ይዛ የምትወጣ እናት ይህን ብትሰማ ማንም ሳይተረጉምላት ይገባታል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ። «ለሐውልት ሰገድሽ» የሚለው ክስ ከባድ ነው። ግን ልክ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የአምልኮት ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የምናቀርበው የጸጋ፣ የአክብሮት ስግደት ነው። በሥዕል ፊት ስንንበረከክም ለቀለሙና ለእንጨቱ አይደለም። ታዲያ አንቺ በዚያ ጠዋት ለማን ተንበረከክሽ? ለእምነ በረዱ ነው? አይመስለኝም። የደገምሽው ጸሎትም ከልጅነትሽ የምታውቂው፣ መልአኩ በሉቃስ ወንጌል ለድንግል ያቀረበው ሰላምታ ነው። እሱን ኃጢአት ነው ብሎ የሚነግርሽ ሰው መጀመሪያ ወንጌሉን ይግለጥ።

እርግጥ በኛ ሥርዓት የሚከበረው የተቀባ ሥዕል እንጂ የቆመ ሐውልት አይደለም። ልማዳችን ይህ ነው፤ እኔም ይህንኑ እወዳለሁ። ሥዕል ያጸልያል፤ ሐውልት ግን አንዳንዴ የጥበበኛውን እጅ እንድናደንቅ አድርጎ ያስቀረናል። እዚያ የቆሙትን ሰዎች አይቻለሁ፤ ግማሾቹ ሰልፊ ላይ ናቸው። ቢሆንም ነገሩን እንደ ጣዖት መቁጠር ማጋነን ነው። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ በግድግዳው ላይ ሰው የሚያህሉ ቅዱሳን ተቀርጸዋል። ሴቶች ስለማይገቡበት አንቺ አላየሽውም፤ ጓደኛሽም አላየችውም።

የኛ ሰው ካቶሊክ ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ ግን ልትረጂለት ይገባል። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ወደ ካቶሊክ ገብቶ ሕዝቡን አስገድዶ ሊያስገባ ሲሞክር ብዙ ደም ፈሷል። በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ጎንደሬ እናትሽ ይህን በተረት መልክ ሰምታ ሳታድግ አትቀርም። ከዚያ በፊትም በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ በክርስቶስ ባሕርይ ምክንያት ተለያይተናል። እኛ ተዋሕዶ ነን፤ እነሱ ሁለት ባሕርይ ይላሉ። ይህ ልዩነት በጫካ ነፋስ የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ደግሞ ታሪክ ቀልደኛ ነው። አያቶቻችን ቤት የምናውቀው ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ይዛ፣ እጆቿን ደራርባ፣ መሐረብ ይዛ የምትታይበት፣ አቋሙ ከሮም ነው የመጣው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሮሟን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። ሠዓሊዎቻችን አይተው ወሰዱት። ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራ ቀኝ አቆሙላት፤ ዓይኗን አጎሉት፤ የራሳቸው አደረጉት። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ቀረ።

ስለዚህ መሄድሽና ብቻሽን መጸለይሽ ኃጢአት አይደለም። በጫካው ተመላለሺ፤ ተቀመጪ፤ የራስሽን ጸሎት አድርሺ። ሻማውም የጸሎትሽ ምልክት ነበር፤ አያስጨንቅሽ። እኔ ብሆን ግን ጧፌን ቤቴ ባበራ እመርጣለሁ፤ ሻማው ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ጧፍ የበራበት ቤት ለአንቺ ብቸኝነትም ስለሚበጅ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በማኅበር ጸሎት ላይ ነው። ሙቀት ሲሆን እሑድ ከዋሻው ፊት ለፊት ከቤት ውጭ ይቀድሳሉ። ድንገት ብትደርሺ በአክብሮት ዳር ይዘሽ ቁሚ፤ ወይም ወደ ዛፎቹ ዘወር በዪ። ቁርባን ግን አይሆንም። ይህን አልጠየቅሽኝም፤ ነገር ግን «እነሱ እኮ ለኦርቶዶክስ ፈቅደዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በእነሱ ሕግ የምሥራቅ ክርስቲያን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀ የሚቆርብበት መንገድ መኖሩ እውነት ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆቿ ከሌላ እጅ እንዲቆርቡ አትፈቅድም። የእነሱ መፍቀድ የኛን ሥርዓት አይሽረውም። ቁርባን የእምነት አንድነት ማኅተም ነው፤ አንድነቱ ሳይኖር ማኅተሙን አስቀድመን አናደርግም።

መቁጠሪያውን መልሺላት አልልሽም። ስጦታ ነው፤ ሰው ታስቀይሚያለሽ። የእነሱ 59 ፍሬ አለው፤ የኛ 41 ወይም 64። አክብረሽ አስቀምጪው፤ ለጸሎት የኛውን ያዢ። ከሌለሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ አንድ አያጡልሽም።

ወደዚያ ሐውልት አንድ ጊዜ ልመልስሽ። ቦታውን የሚያስተዳድሩት ካህናት «የማርያም አገልጋዮች» የሚባሉ ናቸው። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1233 በፍሎረንስ በሰባት ሰዎች ተጀመረ። በተለይ የሚያስቡት የእመቤታችንን ሰባት ኀዘኖች ነው። የስምዖን ትንቢት፣ ወደ ግብፅ መሰደዷ፣ ልጇ በቤተ መቅደስ ሲጠፋባት፣ በመስቀል መንገድ ስታገኘው፣ ከመስቀሉ ሥር መቆሟ፣ ከመስቀል ሲወርድ፣ መቃብር ሲገባ። አንቺ የቆምሽበት ስድስተኛው ነው። እኔ ግን ሁለተኛው ላይ ነው የቀረሁት። ከገደሉ አናት ባለው በላይኛው አትክልት የስደቷን ምስል ሳይ የመጣብኝ የእነሱ መዝሙር ሳይሆን ሰቆቃወ ድንግል ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ባለው የጽጌ ወቅት ማኅሌቱ ሲቆም ካህናቱ በእንባ የሚያዜሙት። ልጇን አዝላ፣ ውኃ ጠምቷት፣ በረሃ ለበረሃ ስትንከራተት። ከአገሯ የወጣች ሴት። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ በሰው አገር ጫካ ውስጥ የምታለቅስ ልጅ ምን እንዳስለቀሳት ለመገመት አልከበደኝም።

እዚያው ላይኛው አትክልት የቬትናሞች የላ ቫንግ እመቤት መታሰቢያም አለ። በትውፊታቸው እ.ኤ.አ. በ1798 በስደት ጊዜ ምእመናን ጫካ ሸሽተው ሳለ ድንግል ተገለጠችላቸው ይላሉ። ፖላንዶቹም፣ ፊሊፒኖቹም የየራሳቸውን አቁመዋል። ስደተኛ ሁሉ እናቱን ይዞ መጥቶ ዛፍ ሥር አስቀምጧታል።

አሁን ደብዳቤሽን ለምን ሁለት ጊዜ እንዳነበብሁት ልንገርሽ። ስለ ሐውልቱ የጻፍሽው ብዙ መስመር ነው። «ከመስቀል በዓል ወዲህ አልሄድሁም» ያልሽው ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ በመሐል ሸጉጠሻታል። የኔ ሥጋት ያቺ ናት እንጂ ዋሻው አይደለም። አምስት ጊዜ ጫካ፣ ዜሮ ጊዜ ቅዳሴ።

አልፈርድብሽም። ያጣሽውን አውቃለሁ። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕንፃው ብቻ አልነበረም። አጸዱ ነበር። የጎጃምንና የደቡብ ጎንደርን ገጠር ከአውሮፕላን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በታረሰ መሬት መካከል ክብ አረንጓዴ፣ በመካከሉ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ። ሰው ኀዘን ሲከብደው ቅጥሩ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ግንድ ሥር ይቀመጣል። ማንም «ምን ሆነሻል?» ብሎ አያዋክብሽም። ወፍ ይጮሃል፤ ከውስጥ የኪዳን ድምፅ ይሰማል። አሜሪካ ስንመጣ የተከራየነው አዳራሽ ነው። አስፋልትና የፓርኪንግ ሽሚያ። ሞንታርቦው እኔን ራሴን ያደነቁረኛል፤ ያውም እኔ ነኝ የምጮህበት። አንዲት የደከማት ሴት አርፋ የምታለቅስበት ጥግ አላዘጋጀንላትም። ይህ የኛ የአገልጋዮቹም ጥፋት ነው።

ግን ጫካ አያቆርብም። ንስሐ አይሰጥም። ብትታመሚ አይጠይቅሽም፤ ሰው ቢሞትብሽ ድንኳን አይጥልልሽም። ዕረፍቱን ካገኘሽ ተመስገን፤ ዕረፍቱ ግን ጉልበት ሆኖ ወደ ቅዳሴ ካላመጣሽ ቀስ በቀስ ብቻሽን ያስቀርሻል። እንዲህ እናድርግ። በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። የሰገድሽውን ሳይሆን የቀረሽውን ንገሪያቸው። ስለ ባሱ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ንገሪ፤ ካንቺ ሰፈር የሚመጣ መኪና ያለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ጩኸቱ ከከበደሽ ማልደሽ ለኪዳን ነዪ፤ ያን ሰዓት አዳራሹም ጸጥ ያለ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጫካሽ ብትሄጂ የሚከለክልሽ የለም።

ስለ እናትሽ፣ ውሰጃት እንጂ! ግንቦት 1 ልደታ ናት፤ ያን ዕለት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አድርሻት። ወደ ዋሻው ግን በሌላ ቀን ሂዱ። ፈረንጆቹም ሜይን የእመቤታችን ወር ብለው ያከብሩታል፤ አበባው ያኔ ያምራል። ወደ ላይኛው አትክልት የሚያወጣ ሊፍት ስላለ ለጉልበቷ አታስቢ። «የማን ቤተ ክርስቲያን ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቱን ንገሪያት። ዋሻው ጋ ስትደርሱ ጫማዋን ልታወልቅ ትችላለች። ተያት። ድንጋዩ ግን በግንቦትም ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ ያዢላት።