ስለ ድስቱ ጠይቁ፣ ስለ ልብ ሕመሙ አትጠይቁ

ጥያቄ፦ የስጋ ሾርባ እየፈላ ሳላስተውል ለወተት ምግብ ብቻ በለየሁት ማንኪያ አማሰልኩት። ደንግጬ ውሃ ጨመርኩበት። ባለቤቴ «ሁሉንም ድፊው» ይላል። የግድ ነው?

መልስ፦ ቆይ፣ እንዳትደፊው። ውሃው ግን አይጠቅምሽም። በሃላኻ፣ ማለትም በአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ፣ የተከለከለን ነገር ሆን ብሎ ሌላ ነገር በመጨመር ማስፈቀድ አይቻልም፤ የሚለካውም ማንኪያው በገባበት ሰዓት ድስቱ ውስጥ የነበረው ነው። ይልቅ ይህን ንገሪኝ፦ ማንኪያው ትኩስ ወተት የነካው መቼ ነው? ንጹሕ ነበር? ምን ያህሉ ሾርባው ውስጥ ገባ?

ኦሪት «ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል» ትላለች፣ ሦስት ጊዜ፤ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም፤ ስጋና ወተት የማይቀላቀሉት ለዚህ ነው። ሊቃውንቱ ደግሞ ዕቃ ጣዕም ይመጥጣል ይላሉ። ትኩስ ወተት የነካው ማንኪያ ጣዕሙን ይዞ ይቆይና ትኩስ ሾርባ ሲያገኝ ይተፋዋል። 24 ሰዓት ካለፈው ግን ያ ጣዕም እንደተበላሸ ይቆጠራል። ስለዚህ ማንኪያው ንጹሕ ከሆነና ይህን ያህል ከቆየ ሾርባሽን ብዪ። ካልቆየ ስሌት ውስጥ እንገባለን፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ስጋውም መረቁም ተደምሮ፣ ሾርባው ውስጥ ከገባው የማንኪያ ክፍል 60 እጥፍ ከሆነ ይበላል። ካልሞላ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ድስቱም ኮሸር መደረግ (በሕጉ መሠረት መንጻት) አለበት። ማንኪያው በየትኛውም መንገድ ኮሸር ሳይደረግ አይነካም። ብረት ከሆነ በፈላ ውሃ ይስተካከላል፤ ሸክላ ቢሆን ኖሮ ተስፋ የለውም ነበር። (በወተት ቢላዋ ሽንኩርት ከትፈሽ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ ሽንኩርት ያለ የሚያቃጥል ነገር የ24 ሰዓቱን ማቅለያ አያውቅም።)

ይህን ሁሉ ይዘሽ ረቢሽ ጋ ደውዪ። «ማንኪያ ተሳሳትኩ» ብቻ ብትዪው እሱም መልሶ ይህንኑ ነው የሚጠይቅሽ።

ጥያቄ፦ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ስጋ በልታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቡና በወተት ትጠጣለች። እኔ ስድስት ነው የምጠብቀው። ሰንፋ ነው?

መልስ፦ አልሰነፈችም። የመካከለኛው ዘመን የሕግ ሊቅ ራምባም «ስድስት ሰዓት ያህል» ብሏል፣ ሹልሃን አሩህ የተባለው የሕግ መጽሐፍም ስድስት ይላል፣ ብዙው ሕዝብ የሚከተለውም ይህንኑ ነው። ከጀርመን የመጡ ቤተሰቦች ግን ሦስት ይጠብቃሉ፣ የሆላንዶቹ አንድ። እሷም ከቤተሰቧ የወረሰችው ከሆነ ተያት፣ አንቺም የራስሽን ያዢ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሻባት ደረቴን ወግቶኝ ላብ አጠመቀኝ። በሰንበት ስልክ መንካት ክልክል ነውና ፈርቼ፣ ልጄን «መጀመሪያ ሄደህ ረቢውን ጠይቅ» አልኩት። ጥፋት ሠራሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ተረፉ። ግን አዎ፣ ጥፋት ነው፤ እባክዎ ሁለተኛ እንዳያደርጉት። ዮሴፍ ካሮ በሹልሃን አሩህ ውስጥ ለነፍስ ማዳን የቸኮለ ይመሰገናል፣ ቆሞ የሚጠይቅ ግን ደም እንዳፈሰሰ ነው ብሎ ጽፏል። ኃይለ ቃል ነው፣ ሆን ተብሎም ነው እንዲህ የተባለው። የጥንት ሊቃውንቱ መጽሐፍ ታልሙድም ታማሚው ብዙ ሻባቶችን እንዲጠብቅ አንዱን ሻባት ሻሩለት ይላል። አምቡላንስ መጥራት፣ መብራት ማብራት፣ በመኪና መሄድ፣ ሁሉም ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ወይም ሕፃን ልጅ ፈልጎ ማሠራትም አያስፈልግም፤ አዋቂው አይሁዳዊ ራሱ ያድርገው። መጨረሻ ላይ የልብ ነገር ሳይሆን ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኃጢአት የለብዎትም።

ከሐኪም ቤት ወደ ቤት መመለሱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አደጋው አልፏልና እሱን ተረጋግተው ይጠይቁ። ለሚቀጥለው ሻባት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኩን ቻርጅ አድርገው የአምቡላንሱን ቁጥር በትልቁ ጽፈው አጠገቡ ያስቀምጡ። ልጅዎም ይወቀው።