የኋላውን ፍሬን አትዝጉት፣ ቱቦውን ቀይሩት

ልጆቼ፣ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ የምትለምዱ ሁሉ ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመኪና ስር ነው። ስለ ሞተር የሚያስተምራችሁ ሞልቷል፣ እኔ ግን ስለ አንዲት ቀጭን ቱቦ ልንገራችሁ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ላንድክሩዘር ይመጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው የፍሬን መምቻ ተነስቶ በሻንሲው፣ ማለትም በመኪናው የብረት አጽም ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ቱቦ ዝጎ ያፈሳል። ባለመኪናው ቸኩሏል፣ ነገ ጠዋት ጎጃም ይወጣል። «ለጊዜው የኋላውን ዝጋልኝ፣ የፊቱ ይበቃኛል» ይላል። ልጁም ቱቦውን ቆርጦ፣ ጫፉን ቀጥቅጦ ያጥፈውና መኪናውን ይሸኛል።

እንዲህ አታድርጉ። ባለመኪናው ቢቆጣም፣ ሌላ ጋራዥ እሄዳለሁ ቢልም አታድርጉ።

ከተማ ውስጥ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ግን መኪናው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዙት የፊት ጎማዎች ብቻ ይሆናሉ፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ግለቱ ወደ ዘይቱ ይገባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። ከአየር ላይ እርጥበት የሳበ አሮጌ ዘይት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የፊቱ ብቻ ሲይዝ የፊት ጎማው ይቆለፍና መሪው አይታዘዝም።

እሺ፣ አልዘጋም ካላችሁ በኋላ ስራው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ እርግጠኛ ሁኑ። የኋላ ጎማ ውስጠኛው ጎን ረጥቦ ስታዩ ቱቦ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ታምቡሩን፣ ፍሬኑን የሸፈነውን ክብ ብረት፣ ከፍታችሁ የጎማው ሲሊንደር አለማፍሰሱን እዩ። ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የዲፈረንሻል ዘይትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ወፍራም ነው፣ ሽታውም ይለያል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለምም ይልጣል። ጭቃውን አጥባችሁ አንድ ሰው ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን ይርገጥ፣ እናንተ በባትሪ ከሻንሲው እስከ ጎማው ድረስ ተከተሉት። ዝገት የሚወደው የቱቦ መያዣዎቹን ስር፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ያለውን ቦታ፣ በዲፈረንሻሉ ላይ ጭቃ የሚከማችበትን ጥግ ነው። ከአውሮፓ የመጣ መኪና ከሆነ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቀድሞ በልቶት ይሆናል። አፋር ጨው ሜዳ ላይ የሚሰራውንም እንደዚሁ ጠርጥሩት።

አንዱ ቱቦ በዝገት ከተበሳ ሌሎቹም እኩያዎቹ ናቸው። ስለዚህ መሀሉን ቆርጣችሁ አትቀጥሉ። በጎማ ቱቦና በክላምፕ የተያያዘ የፍሬን መስመር አይቻለሁ፣ በብየዳ የተደፈነም አይቻለሁ። ጠንከር ብሎ ሲረገጥ እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማ ነፋስ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ ሙሉውን ቀይሩ። ከሻንሲ ወደ ዲፈረንሻል የሚወርደውን የጎማ ቱቦም አብራችሁ ቀይሩ። ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ አብጦ ዘይቱን መመለስ ሊከለክለው ይችላል፣ ያኔ የኋላው ጎማ እንደያዘ ይቀራል።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ስር አትግቡ። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርጉ፣ ሻንሲውን በጠንካራ መቆሚያ አስቀምጡ። ይህን ለማለት አይሰለቸኝም።

ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ጋር የሚያስረውን ዳዶ መፍታት ነው ትዕግስት የሚፈልገው። በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበት፣ ከተቻለ እንዲያድር ተዉት። ተራ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። ለቱቦ የሚሆን፣ አፉ ትንሽ ብቻ የተከፈተ ቀለበት ቁልፍ ያዙ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ብዙውን ጊዜ 10 ቁጥር ነው። አልፈታ ካለ አሮጌውን ቱቦ ለማንኛውም ስለምትጥሉት ዳዶው ስር ቁረጡትና ባለ ስድስት ጠርዝ ቡሶላ፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘውን ቁልፍ፣ አጥልቁበት። ከእሳት ይልቅ ይህ ይሻላል፣ እሳት አጠገቡ ያለውን ጎማ ያቃጥላል፣ ዘይቱም ይነዳል።

ለአሮጌ መኪና ተጣጥፎ የተዘጋጀ ቱቦ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው፣ ራሳችሁ ትሰሩታላችሁ። አሮጌውን ሳይጣመም አውጡት፣ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናችኋል። የተለመደው ውፍረት 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ አይዝግም፣ ለማጠፍም ይመቻል። የፍሪጅ መዳብ ግን አትሞክሩ። ንጹህ መዳብ በንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል። ቱቦውን በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ፣ አፉን አለስልሱ፣ ዳዶውን ደግሞ አፉን ከማስፋታችሁ በፊት አስገቡ። የአፉ ቅርጽ ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት። ቶዮታ ሁለቴ የታጠፈ አፍ ይፈልጋል፣ ላንድሮቨር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ አረፋ ያበጠውን ታገኛላችሁ። ያልተስማማ አፍ በግድ ሲጠብቅ ለጊዜው ይይዛል፣ ሰውዬው መንገድ ላይ ሳለ ይለቃል።

ከመግጠማችሁ በፊት በአየር ንፉት። በነበረበት መንገድ አስኪዱት፣ መያዣዎቹን ሁሉ መልሱ፣ ከማርሚታ፣ ከጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ አርቁት፣ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲንቀሳቀስ የሚነካው ነገር አይኑር። ከኋላ በኩል በዘንግ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተያያዘ፣ በጭነቱ ልክ የፍሬኑን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ ካለ ዘንጉን አትንኩት። እሱን ማዛባት የኋላውን ፍሬን እንደመዝጋት ነው።

አየር ስታወጡ ከመምቻው ከራቀው ጎማ ጀምሩ፣ መሪው በግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ ማለት ነው። ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይረገጥ፣ ከመለቀቁ በፊት አየሩ የሚወጣበት ብሎን፣ መተንፈሻው፣ ይዘጋ፣ መምቻው ላይ ያለው ዘይት ፈጽሞ አይለቅ። ቫልቩ የራሱ መተንፈሻ ካለው እሱን በመጨረሻ አትርሱት። የወጣውን ዘይት አጣርታችሁ አትመልሱ። የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፣ በፍሬኑ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒው ሁሉ፣ ያብጣል።

ሲያልቅ ሞተር አስነስታችሁ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ረግጣችሁ ቆዩ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው አይወጣም። ደረቅ ከሆነ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩት፣ ከዚያ ለባለመኪናው በሳምንቱ ተመልሶ እንዲያሳያችሁ ንገሩት፣ ለዚያ ምልከታ ገንዘብ አትቀበሉት።